ያልተዋጠው ላስቲክ

«ዛሬ አላነብም። አንቺ አንብቢልኝ» አለች ቦንቱ፣ የጠዋቱን ዜና ኑሰይባ እጅ ላይ እያስቀመጠች። ከንፈሯን ሳትከፍት ስለተናገረች ድምፅዋ በአፍንጫዋ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ውጭ ተማሪው ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፏል። የአዳማ ንፋስ እንደ ልማዱ የሜዳውን አቧራ እያነሳ ይበትናል። ሁለቱ ልጆች ያሉባት የሚኒ ሚዲያ ክፍል ከመጋዘን የተከፈለች ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ማይክ፣ አንድ ማጉያና ሁለት የተሰባበሩ ወንበሮች አሏት። ሁለቱም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ዜናውን በአማርኛም በኦሮምኛም የምታነበው ቦንቱ ነች፤ ኑሰይባ ማይኩን ከፍታ ከመዝጋት ያለፈ ሥራ የላትም። በሰው ፊት አንብቢ ከሚሏት ግቢውን በሙሉ ጥረጊ ቢሏት ትመርጣለች።

«እኔ? በናትሽ ቦንቱ፣ ሰው ይሳቅብኝ?»

«በኔስ ሲሳቅ አልነበር?»

ይሄን ማስተባበል አይቻልም። ቦንቱ ፍንጭት ናት፤ ያውም የዋዛ ፍንጭት አይደለችም። ከላይ ባሉት ሁለት የፊት ጥርሶቿ መካከል የእርሳስ ጫፍ ይገባል። በአገሩ ደግሞ ፍንጭት ውበት ነው፤ ያልታደለው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ደህና ጥርሱን አስሞርዶ ያሠራዋል። የቦንቱ አባት ጋሽ ቶኩማ ለዚያች ፍንጭት ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። ከሟች እናታቸው የወረሰችው ስለሆነ «አንቺ ስትስቂ እናቴን አያታለሁ» ይሏታል።

ማይክ ግን ይሄን ሁሉ ከየት ያውቃል? ቦንቱ «ስ» ባለች ቁጥር አየሩ በፍንጭቷ ሾልኮ ማጉያው ላይ ያፏጫል። «የስፖርት ዜና» ስትል ሜዳው በሳቅ ይሞላ ነበር። ፋሩቅ የሚባል የአሥረኛ ክፍል ልጅ «ፊሽካ» የሚል ስም አወጣላት። ከዚያ በኋላ ሙድ የማይዝባት ተማሪ ጠፋ፤ እሷም ጥርስ የማታስከድን ተጫዋች የነበረችው ልጅ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ጀመረች።

ብሬስ፣ ማለትም የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ፣ ላሳስር ብላ ቤቷን ብትጠይቅ እናቷ እትዬ ጥሩነሽ «ሰው ፍንጭት ይመኛል፣ አንቺ የተሰጠሽን ልትዘጊ ነው?» አሏት። አባቷ ደግሞ ለሁለት ቀን አኮረፏት። ቦንቱም ቤተሰብ የከለከላት ሰው ሁሉ የሚሄድበት ሄደች፤ ስልክ ከፈተች። ቲክቶክ ላይ አንዷ ልጅ ሁለቱን የፊት ጥርሶቿን በላስቲክ አስራ ፍንጭቷን ስትዘጋ አየች። ላስቲኩ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። የኑሰይባ እናት ኡሙልኸይር ጥርሷን እያስተካከለች ስለሆነ፣ ብሬሷ ላይ የምትወጥራቸው ትንንሽ ላስቲኮች መታጠቢያ ቤታቸው መስታወት ሥር ይቀመጣሉ። ኑሰይባ አንዷን ወስዳ፣ እዚችው ሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ፣ በገዛ ጣቶቿ የቦንቱን ጥርስ አሰረችላት።

በጥቂት ቀን ውስጥ ፍንጭቱ ጠበበ። ከዚያ አንድ ጠዋት ቦንቱ ስትነሳ ላስቲኩ የለም። «ተኝቼ ውጬው ነው» አለችና፣ ሌላ ለማስሰረቅ ፈርታ ከሱቅ ለሕፃናት ጸጉር የሚሸጠውን ቀይ ላስቲክ ገዝታ አሰረች። ፍንጭቱ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። «የስፖርት ዜና» ስትል ማጉያው ጭጭ አለ፤ የዚያን ዕለት ሁለቱ ልጆች እዚች ክፍል ውስጥ ተቃቅፈው ዘለዋል። ብዙም ሳይቆይ ቀዩም ጠፋ። ቦንቱ እሱንም ውጬዋለሁ አለች። ሕመሙ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

«እስቲ አሳዪኝ» አለች ኑሰይባ።

ቦንቱ በሩን ገርበብ አድርጋ የላይ ከንፈሯን ገለጠች። ድዷ አብጦ ቀልቷል። ሁለቱ ጥርሶች ከጎረቤቶቻቸው ረዝመው ወደ ታች ወርደዋል። በምላሷ ስትነካቸው ተነቃነቁ፤ ሁለቱም አብረው።

«ቤት ምን አልሽ?»

«ኳስ መታኝ። እማዬ በጨው ውሃ ተጉመጥምጥ… ተጉመጥመጪ እያለችኝ ነው።» ምላሷ እንኳ መተሳሰር ጀምሯል። «ይሻለኛል። አንቺ ብቻ ላስቲክ የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ወላሂ በይ።»

«ቦንቱ፣ ሐኪም ቢያይሽ…»

«ወላሂ በይ አልኩሽ እኮ።»

«ወላሂ» አለች ኑሰይባ። ያን ቀን ዜና ሳይነበብ ቀረ፤ ማጉያው ዘፈን ሲያሰማ ሰልፉ ተበተነ።

ማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጥርስ የምታስተካክለው ዶክተር ፀሐይቱ ከአዲስ አበባ አዳማ የምትመጣው በወር አንዱን ቅዳሜ ስለሆነ ክሊኒኩ ከጠዋት ጀምሮ ይሞላል። እናቷን ተከትላ ከመጣችው ኑሰይባ ጎን አንድ ትንሽ ልጅ ወልቆ የሚገባ የላንቃ ማስተካከያውን እያወጣ ለእናቱ ያሳያል። ፊት ለፊቷ አንድ ጎልማሳ፣ ባንክ ሠራተኛ የሚመስል፣ ከሩቅ የማይታይ የፕላስቲክ ሽፋን ጥርሱ ላይ አድርጎ ጋዜጣ ያገላብጣል። ሁሉም ተራውን በሰላም ይጠብቃል፤ ኑሰይባ ብቻ ቁጭ ብድግ ትላለች።

«ምነው ልጄ፣ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ምን ያንጣጣሻል?» አለቻት እናቷ።

ኡሙልኸይር ወንጂ፣ የሸንኮራ ሠራተኞች መንደር ተወልዳ ያደገች፣ አዳማ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት። የልጅነቷ የጉድጓድ ውሃ እንደ መንደሯ ልጆች ሁሉ ጥርሷን ቡናማ አድርጎታል። የታች ጥርሶቿ ደግሞ ተደራርበው የላይ ድዷን ስለሚወጉት ማኘክ ፈተና ሆኖባት ኖሯል። ብሬስ ስታሳስር የገበያ ጓደኞቿ «በዚህ ዕድሜሽ ለማን ልትዋቢ ነው?» ብለው ሳቁባት። «ለሥጋ ነው፤ ዘንድሮ ለአረፋ ቅልጥሙን እኔ ነኝ የምበላው» አለቻቸው።

ተራዋ ደርሶ ወንበሩ ላይ ስትጋደም ዶክተሯ አንዲት የብሬስ ፍሬ በጣቷ ነካ ብታደርጋት እጇ ላይ ቀረች።

«የወንጂ ጥርስ ማጣበቂያ አይወድም፤ አሁንም ለቆ ነው» አለች ዶክተር ፀሐይቱ። «ግድ የለም፣ እንደገና እናጣብቀዋለን። ላስቲኩን ሳያቋርጡ ያደርጋሉ?»

«ለመብላት ብቻ ነው የማወልቀው» አለች ኡሙልኸይር።

ኑሰይባ ጥግ ቆማ ነበር። ልጠይቅ አልጠይቅ ስትል፣ አፏ ቀደማት። «ዶክተር፣ ላስቲክ ቢዋጥ ሰው ይጎዳል?»

«የተዋጠ ላስቲክ በገባበት መንገድ አልፎ ይወጣል፤ ምንም አይልም። ማን ዋጠ?»

«ማንም። ቲክቶክ ላይ አንዲት ልጅ… ፍንጭቷን ለመዝጋት ሁለት ጥርሶቿን በላስቲክ አሰረች። ከዚያ ላስቲኩ ጠፋባት። ውጬው ነው ትላለች።»

የዶክተሯ እጅ የኡሙልኸይር አፍ ላይ እንዳለ ቆመ።

«አልዋጠችውም» አለች። «ጥርስ እንደ ካሮት ነው፣ ወደ ሥሩ እየቀጠነ ይሄዳል። ባዶ ላስቲክ ብታስሪበት እየተንሸራተተ ወደ ቀጭኑ፣ ድድ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሆኖ ሥሩን የያዘውን አጥንት ይበላል። ድዱ ያብጣል፣ ጥርሱ የረዘመ ይመስላል፣ ይነቃነቃል፤ በመጨረሻ ምንም ያልነበረው ጤነኛ ጥርስ ወልቆ ይወድቃል። እናትሽም ላስቲክ ታደርጋለች፣ ግን የሷ ከብሬሱ መንጠቆ ጋር የታሰረ ነው፤ የትም አይሄድም። ሽቦው ደግሞ ጥርሱን ከነሥሩ ቀስ አድርጎ ነው የሚወስደው። እኔን የሚያስፈራኝ የተዋጠው ሳይሆን ያልተዋጠው ነው።»

ኑሰይባ ጠጋ አለች። «ፍንጭት ግን በደህና መንገድ ይዘጋል?»

«ይዘጋል እንጂ። በብሬስም ሆነ በፕላስቲኩ ሽፋን ይዘጋል፣ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ። ልተወው ለሚል ደግሞ ፍንጭቱን ሳንነካ ሌላውን እናስተካክላለን። ባለቤቷ ናት የምትመርጠው።» ዶክተሯ ትክ ብላ አየቻት። «ቲክቶክ ላይ ነው ያየሻት?»

«አዎ።»

«ምናልባት በአካል የምታውቂያት ብትሆን ዛሬ ትምጣ። ማታ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ፤ ነገሩ ደግሞ ወር የሚጠብቅ አይደለም።»

ኑሰይባ ከዚያ በኋላ የተባለውን አልሰማችም። «እማ፣ ቦንቱ ጋ ደርሼ እመጣለሁ» ብላ፣ እናቷ አፏን ከፍታ ተጋድማ መልስ መስጠት ሳትችል፣ ወጥታ ባጃጅ ያዘች።

የነቦንቱ ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ጋሽ ቶኩማ በር ላይ አይሱዙአቸውን አቁመው ሸራ እያሰሩ ነበር፤ ሽንኩርት ሊጭኑ ወደ ደራ ሊወጡ ነው።

«አካም፣ ኢንታላ ኮ» አሏት፣ እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ «ልጄ» ብለው። «ግቢ፣ ጓደኛሽ ተኝታለች። እስቲ አንቺ አስቂልኝ።»

ቦንቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ኑሰይባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ በሹክሹክታ ነገረቻት። ካሮቱን፣ አጥንቱን፣ መውለቁን፣ ዶክተሯ ማታ መመለሷን።

«ውጫቸዋለሁ አልኩሽ» አለች ቦንቱ።

«አልዋጥሻቸውም። ሁለቱም እዚያው ናቸው።»

ቦንቱ ተነስታ ተቀመጠች። እጇ ወደ አፏ ሄደና ሳይነካ ተመለሰ። ከዚያ አለቀሰች፤ አፏን ከፍታ ማልቀስ ስለማትችል በአፍንጫዋ ነበር የምታለቅሰው። «አባዬን ምን እለዋለሁ? የእናትህን ፍንጭት በላስቲክ ዘጋሁት ልበለው? ሞቼ እገኛለሁ። አንቺ ደግሞ ምለሽልኛል።»

«አውቃለሁ።»

«ብትናገሪ አላውቅሽም። እውነቴን ነው፣ ኑሲ።»

ኑሰይባ ብትለምን፣ ብታስፈራራ አልሆነላትም፤ ቦንቱ ተመልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ኑሰይባ ወጥታ በሩ ላይ ደረሰች። መንገዱ ላይ ባጃጅ በባጃጅ ነው፤ አንዱን ይዛ ብትሄድ ማንም ለምን አይላትም። መሐላዋም እንደተጠበቀ ይቀራል፣ ላስቲኩን ከየት አመጣሽው የሚላትም አይኖርም።

ጋሽ ቶኩማ ገመዱን ጠበቅ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ። «ሳቀች?»

«አልሳቀችም።»

«ይቺን ልጅ ምን ነካብኝ? ኳስ መታኝ ትላለች። ኳስ ጥርስ ይመታል፣ ሳቅ ይወስዳል እንዴ?»

የተናገሩት በቀልድ ነበር፤ ዓይናቸው ግን አይቀልድም። ኑሰይባ ባጃጆቹን አየች፣ አቧራውን አየች፣ የሚታይ ነገር ሲያልቅባት እሳቸውን አየች።

«ጋሽ ቶኩማ፣ ኳስ አይደለም» አለች። «ፍንጭቷን ለመዝጋት ጥርሷን በላስቲክ አስራ ነው። ላስቲኩ ድዷ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ካልወጣ ጥርሶቿ ይወልቃሉ፤ ሐኪሟ ማታ ትሄዳለች። ላስቲኩን ደግሞ…»

እዚህ ላይ ዓይኗን ወደ ባጃጆቹ መለሰች። ከጀርባዋ የቦንቱን ድምፅ ሰማች፤ ተከትላት ወጥታ ኖሯል።

«ከሱቅ የገዛሁት ነው» አለች ቦንቱ። «ቀይ የጸጉር ላስቲክ። አንዴ ነው የሞከርኩት፣ ብቻዬን።»

ጋሽ ቶኩማ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ ኑሰይባን አዩ። ኑሰይባ ጩኸት ጠብቃ ትከሻዋን ሰብስባ ነበር። እሳቸው ግን የያዙትን ገመድ ለቀው ወደ ልጃቸው ተጠጉ።

«ፍንጭትሽን ማን ነው ያስጠላብሽ?» አሏት ቀስ ብለው።

መልስ ሳይጠብቁ የጋቢናውን በር ከፍተው «ግቡ» አሉ።

ጋቢናው ውስጥ ቦንቱ መሃል ተቀመጠች። አባቷ የትራፊክ መብራቱን ሲሳደቡ ጠብቃ ጆሮዋ ሥር ተጠጋቻት። «ተናድጄብሻለሁ። ግን እናትሽ እዚያ ናት አይደል? ያንቺን ላስቲክ አላነሳም። አንቺም አታንሺ።»

ኑሰይባ እፎይ አለች። እፎይ በማለቷ ደግሞ ወዲያው ራሷን ጠላችው፤ እስኪደርሱ ድረስ የቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍትና ስትዘጋ ቆየች።

ዶክተር ፀሐይቱ የቦንቱን ከንፈር ገለጥ አድርጋ እንዳየች ወረፋውን ሁሉ አስቆመች። ቦንቱ ራጅ ተነሳች። «ላስቲክ በራጅ አይታይም» አለች ዶክተሯ ምስሉን ወደ መብራት እያነሳች፤ «አጥንቱ ምን ያህል እንደተበላ ግን ያሳየናል። ጊዜው አላለፈም፣ ለጥቂት ነው።» የማደንዘዣ መርፌ ስትወጋት ጋሽ ቶኩማ፣ ያ ሁሉ ቁመትና ያ ሁሉ ትከሻ፣ ላብ አጠመቃቸውና ወደ ውጭ ተመሩ። ሽቦዋን አስጠብቃ የጨረሰችው ኡሙልኸይር በምትካቸው ገባች። የራሷ ጥርስ እየጠዘጠዛት፣ የቦንቱን እግር ይዛ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አብሽሪ» ትላታለች። ኑሰይባ ከወንበሩ ማዶ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ዶክተሯ በቀጭን መቆንጠጫ ድዱን ከፈት አድርጋ ፈለገች። ደም ይጠረጋል፣ እንደገና ይሞላል። በመጨረሻ መቆንጠጫው አንድ ነገር ይዞ ወጣ። ቀይ፣ የላላ፣ እዚህ ግባ የማይባል የጸጉር ላስቲክ።

«ይኸውና ጉዱ» አለች ዶክተሯ። «አሁን እነዚህን ሁለቱን ከጎናቸው ካሉት ጋር አስራቸዋለሁ። ድዱ ሲያገግም ይይዛሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ፍንጭት፣ ብሬስ የሚባለውን ነገር ከዚያ በኋላ ተቀምጠን እናወራለን። ሌላ የለም አይደል? አንድ ብቻ ነው?»

አፏ የተያዘው ቦንቱ አንድ ጣቷን አነሳች።

ኡሙልኸይር «አልሐምዱሊላህ» አለች። ነርሷ ማሰሪያውን ማዘጋጀት ጀመረች። ኑሰይባ የቦንቱን ጣት አየችው። ያቺን ጣት ለማን ብላ እንዳነሳቻት ከሁለቱ ልጆች በቀር እዚህ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው ላስቲክ ከቀዩ በፊት ነው የገባው፤ ከሱ በላይ፣ ወደ ሥሩ ጠልቆ ነው ያለው። ቀለም የለውም። በዚያ ሁሉ ደም መሃል ማንም አያየውም፣ ራጅም አያሳየውም። ዶክተሯ ማታ ትሄዳለች፣ ድዱ ይዘጋል፣ ላስቲኩ እዚያው ሥራውን ይቀጥላል።

እናቷ ዕቃዋን ከሷ ደብቃ አታውቅም። መስታወቱ ሥር፣ ክፍት አድርጋ ነበር የምታስቀምጠው።

ቦንቱ ከመብራቱ ሥር ሆና ታያታለች። ዓይኗ «ተይ» ይላል።

«ዶክተር፣ አልጨረሱም» አለች ኑሰይባ።

ሁሉም ዞሩ።

«ሌላ አለ። ከቀዩ በፊት የገባ ነው፣ ቀለም የለውም። ከእማዬ ላስቲክ ሰርቄ ያሰርኩላት እኔ ነኝ።»

የኡሙልኸይር እጅ የቦንቱ እግር ላይ እንዳለ ቀረ። ቦንቱ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ። ዶክተሯ ለነርሷ «መብራቱን ወደ አፏ ዝቅ አድርጊልኝ» ብላ መቆንጠጫዋን እንደገና አነሳች።

ኑሰይባ እናቷ እያየቻት እንደሆነ ታውቃለች። ቤት ሲገቡ ምን እንደሚጠብቃትም ታውቃለች። ከግድግዳው ተላቅቃ ወደ ወንበሩ ተጠጋችና የቦንቱን እጅ ያዘች። የቦንቱ እጅ መልሶ አልጨበጣትም፤ እሷም አልለቀቀችውም።